አስማት የሚሸት መሣሪያ የቱ ነው? የፋንታሲ ፊልም መክፈቻና ሙዚቃው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የፊልም ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ሥራዬ የ14 ደቂቃ ፋንታሲ ፊልም ነው። አንዲት ልጅ በሞት የተለየቻት አያቷ ቤት ትገባለች። እዚያ ወደ ሌላ ዓለም የሚያስገባ በር ታገኛለች። ለመጀመሪያዎቹ 90 ሰከንዶች ትልቅ ኦርኬስትራ፣ ከባድ ከበሮና ኳየር አስገባሁ። ያሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ ‹ትሬለር ይመስላል› አሉኝ። አስማት አስማት እንዲሸት የትኛውን መሣሪያ ልጠቀም?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኛል። ለፊልም ሙዚቃ መሥራት እንጀራዬ ነው፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደው ደግሞ መክፈቻ መሥራት ነው። ስለዚህ ረዘም ብልብሽ ታገሺኝ።

ያሳየሻቸው ሰዎች ትክክል ናቸው። ግን ችግሩ ሙዚቃው መጮኹ ብቻ አይደለም። ትሬለር የፊልም ማስታወቂያ ነው፤ ሥራው መንገደኛን መጥራት ነው። «ኑ፣ እዩ፣ እንዳያመልጣችሁ» ይላል። መክፈቻ የሚያናግረው ግን መጥቶ የተቀመጠን ሰው ነው። መብራቱ ጠፍቷል፣ ሰውየው ዝም ብሏል፣ ጆሮውን ሰጥቶሻል። እሱን መጥራት አያስፈልግም። እሱ የሚጠብቀው ሌላ ነገር ነው፦ «ይኼ ዓለም የት ነው ያለው? እኔስ የት ቆሜ ነው የማየው?»

እኔ የፋንታሲ መክፈቻ ስሠራ የመጀመሪያው ጥያቄዬ ስለ መሣሪያ አይደለም። ስለ ርቀት ነው። ተመልካቹ ከአስማቱ ምን ያህል ይርቃል? ከሺህ ዓመት ማዶ ሆኖ ነው ወሬውን የሚሰማው? ደጁ ላይ ቆሟል? ወይስ ሳያውቀው ውስጡ ተቀምጧል? ይኼ ከተመለሰ መሣሪያው ራሱ መጥቶ በሩን ያንኳኳል። ምክንያቱም እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ርቀት አለው።

ፍሬንች ሆርንን እንውሰድ። በፋንታሲ ፊልም ላይ ተራራ በታየ ቁጥር የምንሰማው ያ ሰፊና ለስላሳ የነሐስ ድምፅ የእሱ ነው። ለምን ሩቅ ሩቅ እንደሚል ማወቅ ከፈለግሽ አንድ ተጫዋች አጠገብ ሄደሽ ቁሚ። የመሣሪያው አፍ የዞረው ወደ ኋላ ነው። ተጫዋቹ ቀኝ እጁን እዚያ አፍ ውስጥ ከትቶ ነው የሚነፋው። ወደ አዳራሹ የሚደርሰው ድምፅ አብዛኛው ከኋላ ያለውን ግድግዳ መትቶ የተመለሰ ነው። ትራምፔት ግን አፉን ወደ አንቺ አዙሮ ፊት ለፊት ያናግርሻል። ስለዚህ ትራምፔት «እዚህ ነኝ» ሲል ሆርን «ከማዶ ነኝ» ይላል። በዚያ ላይ የሆርን አያቶች አዳኞች ጫካ ውስጥ የሚጠራሩባቸው መለከቶች ነበሩ። መሣሪያው ገና ሲፈጠር ሥራው ከዛፍ በስተጀርባ መሰማት ነበር። አንድ ሆርን አንድ ረጅም ኖታ ሲይዝ ጆሯችን ባዶ ቦታ ያያል። ባዶ ቦታ ደግሞ ምንም ነገር ሊኖርበት ይችላል።

አሁን ተቃራኒውን ልንገርሽ። ሴሌስታ ትንሽ ፒያኖ የምትመስል መሣሪያ ናት። ቁልፉን ስትጫኚ ለስላሳ መዶሻ ከእንጨት ሳጥን በላይ የተቀመጠ የብረት ሳህን ይመታል። በ1886 ፓሪስ ውስጥ ኦጉስት ሙስቴል ነው የፈጠራት። ቻይኮቭስኪ በ1892 ለመድረክ በበቃው «ዘ ነትክራከር» ባሌት ላይ ለስኳሯ ተረት እመቤት ጭፈራ ተጠቀመባት። ከዚያ ወዲህ በምዕራቡ ሙዚቃ ውስጥ ሴሌስታና አስማት አልተለያዩም።

ግን ልማድ ብቻ አይደለም። ድምፁን ቀረብ ብለሽ ስሚው። ትንፋሽ የለበትም። የቀስት መፋተግ የለበትም። ጣት ክር ሲነካ አይሰማም። ንጹሕ፣ ክብ፣ ወዲያው የሚጠፋ ጠብታ ነው። የሰው አካል አይሰማበትም ማለቴ ነው። ቫዮሊን ስንሰማ ክንድ እንሰማለን፤ ፍሉት ስንሰማ ሳንባ እንሰማለን። ሴሌስታ ላይ ግን ማንም የለም። ነገሩ በራሱ የሚሆን ይመስላል። አስማት ማለት ደግሞ ይኸው ነው፤ ማንም ሳይነካው የሚንቀሳቀስ ነገር።

ጆን ዊሊያምስ በ2001 ለመጀመሪያው «ሃሪ ፖተር» ፊልም የሠራውን የጉጉቷን ዜማ አስቢው። ዜማው በኢ ማይነር ቅኝት ይጀምራል። ሦስት ምት ነው፣ እንደ ዋልትዝ ይወዛወዛል። የመጀመሪያው ሐረግ ከቤቱ ብዙም አይርቅም፤ ማንም ሊዘፍነው ይችላል። ሁለተኛው ሐረግ እንደ መጀመሪያው ይነሳና ድንገት አንድ ኖታ ይስታል። ኤፍ ሻርፕ የነበረው ተራ ኤፍ ይሆናል። ግማሽ ድምፅ ብቻ ዝቅ አለ። በኢ ማይነር ውስጥ ያ ኖታ የለም። መሬቱ እግርሽ ሥር ትንሽ የተንሸራተተ ያህል ነው። ከዚያ ዜማው ምንም እንዳልተፈጠረ ይቀጥላል። ፒያኖ ካለሽ ያንን ኤፍ ወደ ኤፍ ሻርፕ መልሰሽ ተጫወቺው። ዜማው ቆንጆ የልጆች ዘፈን ሆኖ ይቀራል፤ አስማቱ ጥርግ ብሎ ይጠፋል። እንግዲህ መሣሪያው ብቻውን አልነበረም የሠራው። በሩን የከፈተችው አንዲት የተሳሳተች የምትመስል ኖታ ናት።

በ2004 በወጣው ሦስተኛው ፊልም መክፈቻ ላይ ያው ዜማ ሲሰማ ልጁ ሌሊት አንሶላ ውስጥ ተደብቆ በአስማት ዘንጉ ብርሃን ማብራት ይለማመዳል። ብርሃኑ ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ብልጭ ይላል። ሴሌስታዋ የምታንጸባርቀው ትልቅ ግንብ ላይ አይደለም፤ አንሶላ ሥር ነው። አስማቱ በክንድ ርቀት ላይ ነው ያለው። ይኼን መክፈቻ በጣም እወደዋለሁ።

«እንግዲያው ሴሌስታ ላስገባ» እንዳትዪኝ ግን። ዛሬ ሴሌስታ ስታስገቢ ተመልካቹ የሚያስታውሰው አስማትን ሳይሆን ያንን ፊልም ነው። በ1990 ዳኒ ኤልፍማን «ኤድዋርድ ሲዘርሃንድስ»ን በሴሌስታና ቃል በሌለው የልጆች ድምፅ ሲከፍት ገና ሰፊ ቦታ ነበረው። አሁን ያ ቦታ ጠቧል። መሣሪያ በብዙ እጅ ሲያልፍ ያረጃል። የሚያረጀው እንጨቱ አይደለም፤ ትርጉሙ ነው።

ወደ ርቀቱ ልመለስ። ከሁሉም የሚርቀው ነገር «በጥንት ዘመን» የሚባለው ነው። ብዙ ፊልም ለዚህ አንድ ዝቅ ያለ፣ የማይንቀሳቀስ ድምፅ ይጠቀማል። ባለሙያዎቹ ድሮን እንለዋለን። ለምን እንደሚሠራ ለማወቅ ፊልም ከመፈጠሩ በፊት ወደነበረ ሥራ ልውሰድሽ። ሪቻርድ ዋግነር በ1869 ሙኒክ ላይ የታየውን «ዳስ ራይንጎልድ» ኦፔራ ሲከፍት 136 ባር (የምት ክፍል) ሙሉ አንድ ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙ ኖታዎች ስብስብ፣ ብቻ ነው የሚጠቀመው፤ ኢ ፍላት ሜጀር። መጀመሪያ የባሶቹ ጥልቅ ድምፅ ብቻ አለ። ቀጥሎ ባሱን የሚባሉት ወፍራም ድምፅ ያላቸው የእንጨት ነፊዎች ይጨመራሉ። ከዚያ ስምንት ሆርኖች እየተከታተሉ አንድ በአንድ ይነሳሉ። ከአራት ደቂቃ በላይ ኮርዱ አይቀየርም። መድረኩ የሚያሳየው የራይን ወንዝን ጥልቀት ነው፤ የዓለም መነሻ።

ኮርድ ሲቀየር እርምጃ ነው። ከዚህ ወደዚያ ሄድን ማለት ነው፤ ስለዚህ ጊዜ አለፈ ማለት ነው። ኮርዱ ካልተቀየረ ጊዜ ገና አልጀመረም። አድማጩ ይኼን በቃል አይናገረውም፤ ግን ይሰማዋል። «ጥንት፣ ማንም ሳይኖር» የሚለው ዓረፍተ ነገር በሙዚቃ ሲጻፍ አንድ የማይንቀሳቀስ ዝቅተኛ ኖታ ነው። ምት እንደሌለውም ልብ በይ። ምት ሰዓት ነው። ከበሮ ባስገባሽ ቅጽበት ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፤ ተመልካቹም «አሁን ምን ሊመጣ ነው?» ማለት ይጀምራል። ያንቺ መክፈቻ ላይ አንድ ትልቅ ችግር ያለ የሚመስለኝ እዚህ ነው። ከበሮሽ ልጅቷ ገና ቁልፍ እያወጣች ሳለ ጦርነት እየጠራ ነው።

ሃዋርድ ሾር በ2001 ለ«ዘ ፌሎውሺፕ ኦፍ ዘ ሪንግ» የሠራውን መክፈቻ ሳታዪው አትቀሪም። ስክሪኑ ጥቁር እያለ የሴት ድምፅ ይጀምራል። ኳየር አለ፤ የሚዘፍነው ፊልሙ ለተነሣበት መጽሐፍ ዓለም በተፈጠሩት ቋንቋዎች ነው። ይኼ ትልቅ ነገር ነው። ቃል የሌለው «አአአ» የሚል ኳየር ስሜት ነው፤ ቃል ያለው ግን እኛ የማንረዳው ኳየር ሕዝብ ነው። የሆነ ሰው ይኼን ቋንቋ ይናገራል፤ የሆነ ሰው ይኼን ያውቃል፤ እኛ ብቻ ነን የማናውቀው። ርቀቱን የሚፈጥረው አለመረዳታችን ነው።

ከዚያ ሰባት ደቂቃ ገደማ ሠራዊት፣ ክህደት፣ ሞት እናያለን። አንቺም እንዲህ ዓይነቱን ትልቅነት ነው የፈለግሽው መሰለኝ። ቀጥሎ የሚመጣውን ግን አስታውሺ። አረንጓዴ ሜዳ፣ መጽሐፍ የሚያነብ ልጅ፣ በጋሪ የሚመጣ ሽማግሌ። ሙዚቃው ወደ ቆርቆሮ ዋሽንትና ወደ ባላገር ቫዮሊን ይወርዳል። አንድ ሰው በኪሱ ይዞት ሊዞር የሚችል መሣሪያ። ያ ሁሉ ኦርኬስትራ የተደከመበት ለዚህች ዋሽንት ሲባል ነው ብዬ አምናለሁ። ትልቁ ሙዚቃ «ይኼ ሁሉ ሊመጣባችሁ ይችላል» አለ፤ ትንሿ ዋሽንት «እነሱ ደግሞ ምንም አያውቁም» አለች። ልባችን የሚነካው በሁለቱ መካከል ባለው ገደል ነው። የመጀመሪያውን ብቻ ወስደሽ ሁለተኛውን ከተውሽ የቀረሽ ጩኸቱ ነው።

ጩኸት ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። ባዚል ፖልዱሪስ በ1982 «ኮናን ዘ ባርባሪያን»ን የከፈተው በሆርን ጎርፍና በከበሮ ነው፤ ሰይፍ በእሳት ሲቀጠቀጥ እያየን። ልክ ነው፣ ምክንያቱም ያ ፊልም በር የለውም። ከመጀመሪያው ፍሬም ጀምሮ እዚያው ውስጥ ነን፤ ከቤት የሚነሳ ሰው የለም። ያንቺ ፊልም ግን ዋናው ነገሩ ራሱ በር ነው።

በር ያለው ፊልም ላይ ሙዚቃው ራሱ በሩ ሊሆን ይችላል። የ1933ቱን «ኪንግ ኮንግ» ፈልገሽ እዪው። ማክስ ስታይነር ነው ሙዚቃውን የጻፈው። የመክፈቻ ጽሑፉ ካለፈ በኋላ ከተማው ላይ ሙዚቃ የለም። መርከቡ ላይም የለም። ሰዎች ያወራሉ፣ ይሟገታሉ፣ ይጓዛሉ፤ ዝም ነው። መርከቧ ጉም ውስጥ ስትገባ ገና፣ በቀስታ፣ ሙዚቃው ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ሁሉ ሌላ ዓለም ነው። ማንም «ድንበር ተሻገርን» አላለም። ጆሯችን ነው የተሻገረው። የድምፅ ፊልም ገና ጥቂት ዓመት ቢሆነውም ይኼን ያህል አስተውለው ነበር። እኔ ይኼን ትዕይንት ባየሁ ቁጥር ያስቀናኛል።

መሣሪያ ርቀትን ብቻ ሳይሆን ዕድሜንም ይነግራል። ለዚህ ማስረጃ የሚሆን አንድ ፊልም አለ። የሪድሊ ስኮት «ሌጀንድ» በ1985 በአውሮፓ ሲታይ የጄሪ ጎልድስሚዝ ኦርኬስትራና ኳየር ነበረው። በ1986 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ ግን ሙዚቃው ተቀይሮ የጀርመኑ የኤሌክትሮኒክ ቡድን ታንጀሪን ድሪም ሥራ ሆነ። ቆረጣውም ተለውጧል፤ ጫካውና የአንድ ቀንዱ ፈረስ ግን ያው ናቸው። ሁለቱን በተከታታይ ብታዪ ምስሉ ራሱ የተቀየረ ይመስልሻል። በጎልድስሚዝ ስር ጫካው ከእኛ በፊት የነበረ ነው፤ እርጥብ፣ አሮጌ፣ ሥር የሰደደ። በሲንተሳይዘሩ ስር ያው ጫካ ሕልም ይሆናል፤ ዓይን ሲከፈት የሚጠፋ። የትኛው ይሻላል የሚለው እስካሁን ያከራክራል። እኔ ኦርኬስትራውን እመርጣለሁ፤ ግን ሕልም የሆነ ፊልም ቢሰጠኝ ሲንተሳይዘሩን ለማንሳት አላመነታም።

ስለ መቀነስም አንድ ልበልሽ። በርናርድ ኸርማን በ1963 ለ«ጄሰን ኤንድ ዚ አርጎኖትስ» ሲጽፍ ቫዮሊን፣ ቼሎ የሚባል ነገር አላስገባም። ነሐስ፣ የእንጨት ነፊዎች፣ የምት መሣሪያዎችና ሃርፕ። ዓለሙ በሙሉ ከብረት የተሠራ ይመስላል፤ ፊልሙ ላይ የሚነሳው ግዙፍ ሐውልትም ነሐስ ነው። አንድ ሙሉ ቤተሰብ ከኦርኬስትራው ማውጣት አንድ አዲስ መሣሪያ ከመጨመር የበለጠ ድባብ ይሠራል።

ይኼን የተማርኩት ተቃጥዬ ነው። ከዓመታት በፊት ዘንዶ ያለበት አንድ ፊልም ተሰጠኝ። መክፈቻው የመሬት አቀማመጥ ነበር፤ ተራራ፣ ሐይቅ፣ ደመና። ጓጓሁ። ያለኝን ሁሉ በመጀመሪያዎቹ 40 ሰከንዶች አፈሰስኩት፤ ስድስት ሆርን፣ ኳየር፣ ትልልቅ ከበሮዎች፣ ደወል። ቆንጆ ነበር። ከአንድ ሰዓት ገደማ በኋላ ዘንዶው ብቅ ሲል ግን እጄ ላይ ምንም አልቀረም። ምን ልጨምር? ድምፁን ከፍ አደረግኩት። በሙከራ እይታው ላይ ከኋላ ተቀምጬ ሰዉን አየሁ። ዘንዶው ሲወጣ ከፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ስልኩን አውጥቶ ሰዓት አየ። ያ ትንሽ ሰማያዊ ብርሃን እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ።

ቤት ሄጄ መክፈቻውን አፈረስኩት። ኳየሩን አወጣሁ፣ ከበሮውን አወጣሁ፣ ሆርኖቹን አወጣሁ። አንድ ቼሎ ብቻ ቀረ፤ ከሐይቁ በላይ አራት ኖታ የሚጫወት። የዘንዶውን ሙዚቃ አንዲት ኖታ አልነካሁም። ግን ዘንዶው አደገ። ኳየሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው እሱ ክንፉን ሲዘረጋ ሆነ። ተመልካቹ ያንን ድምፅ ከዚያ በፊት ስላልሰማው ከዘንዶው አፍ የወጣ መሰለው።

ወደ ልጅቷና ወደ አያቷ ቤት እንምጣ።

ልጅቷ መጀመሪያ ላይ የት ናት? ቤት ውስጥ። ምን ተሰምቷታል? አያቷ ሞታለች። አስማቱ ገና አልመጣም፤ እሷም አታውቀውም። ታዲያ ሙዚቃው ከእሷ በፊት ለምን ያውቃል? ጆ ሂሳይሺ በ2001 ለ«ስፒሪትድ አዌይ» የሠራውን መክፈቻ ስሚው። ፊልሙ ከፋንታሲ ሁሉ በላይ በመናፍስት የተሞላ ነው። ሲጀምር ግን ፒያኖ ብቻ ነው። አንዲት ልጅ በመኪና የኋላ ወንበር ላይ አበባ ታቅፋ ተጋድማለች፤ ወደ አዲስ ቤት እየሄዱ ነው። ፒያኖው ስለ መናፍስት አንዲት ቃል አይተነፍስም። የሚያወራው ጓደኞቿን ትታ ስለምትሄድ ልጅ ነው። ስለዚህ በኋላ የሚመጣው እንግዳ ነገር ሁሉ የሚመጣው በእኛም ላይ ነው፤ እኛም ኋላ ወንበር ላይ ነበርንና።

ከዚህም የሚቀርብ አለ። «ፓንስ ላቢሪንዝ» የ2006 ፊልም ነው፤ ሙዚቃው የሃቪየር ናቫሬቴ። ስክሪኑ ጥቁር እያለ የሕፃን ልጅ ትንፋሽ ይሰማል። የተቆራረጠ፣ የደከመ። በላዩ አንዲት ሴት እሹሩሩ ታዜማለች፤ ቃል የለውም፣ አፏ ተዘግቷል። አፍ ተዘግቶ የሚዜም ዜማ ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ደረት ውስጥ ነው ያለው። ልጅ ሆነን ታዝለን፣ ጆሯችንን ያዘለን ሰው ጀርባ ላይ አስደግፈን የሰማነው ዓይነት ነው። ከዚህ የሚቀርብ ድምፅ በዓለም ላይ የለም ብዬ አስባለሁ። ዋጋውም ከትልቅ ኦርኬስትራ ጋር አይወዳደርም።

እንግዲህ እኔ አንቺን ብሆን 90 ሰከንዱን እንዲህ እከፍለው ነበር።

መጀመሪያ 20 ሰከንድ ሙዚቃ አላስገባም። ቁልፍ፣ በር፣ የወለል ጣውላ፣ ልጅቷ የምታነሳው አቧራማ ጨርቅ። ተመልካቹ ጆሮውን ያሾላል። ሙዚቃ ለመቀበል የተዘጋጀ ጆሮ የሚገኘው ከዝምታ በኋላ ነው።

ከዚያ አንድ መሣሪያ ብቻ። እዚያ ቤት ውስጥ ሊኖር የሚችል ይሁን። ትንሽ የቆመ ፒያኖ ብታገኚ ጥሩ ነው፤ መሐለኛውን ፔዳል ስትረግጪ በመዶሻውና በክሩ መካከል ጨርቅ የሚያወርድ ዓይነት አለ፣ እሱ ይሻላል። ማይኩን መዶሻዎቹ ድረስ አስጠጊው። የቁልፉ ጠቅታ፣ የፔዳሉ ሲጥታ፣ የተጫዋቹ ትንፋሽ ይግባ። እነዚህን ድምፆች ብዙ ሰው ያጸዳቸዋል። አንቺ ግን እንዳታጸጂያቸው። የሰው አካል እንዲሰማ ነው የምንፈልገው፤ የሌለች ሰው አካል። ፒያኖ ከሌለሽ አንድ ጓደኛሽ ማይኩ ላይ ተጠግታ አፏን ዘግታ ታዚም።

ዜማው አራት ወይም አምስት ኖታ ይሁን፤ የመጨረሻዋ ኖታ ግን አትምጣ። ጆሮ ቤት መድረስ ይፈልጋል፤ አንድ እርምጃ ሲቀረው አቁሚው። ሁለቴ ድገሚውና ሁለቴም አቁሚው። ያቺን የቀረች ኖታ የፊልሙ መጨረሻ ላይ ትከፍያለሽ፤ ለተመልካቹ ዕዳ ነው ያስያዝሽው።

ወደ 70ኛው ሰከንድ ገደማ ልጅቷ በሩን ስታየው ድሮኑ ይግባ። እዚህ ላይ አንድ የምወዳትን ዘዴ ልስጥሽ። በሩ ሲከፈት ማጠፊያው ሲጥ የሚልበትን ድምፅ ለብቻው አውጪና ምን ኖታ ላይ እንደሚያርፍ በጆሮሽ ፈልጊ። ሲ ሻርፕ ይሁን፣ ኤ ይሁን፣ የሆነ ቦታ ያርፋል። ድሮንሽን በዚያ ኖታ ላይ አድርጊው፤ ሁለት ወይም ሦስት ኦክታቭ ዝቅ ብሎ። ማንም አያስተውለውም። ግን በሩ ሲጥ ሲል ቤቱ ለሙዚቃው የመለሰ ይመስላል። የቤቱ ድምፅና የማዶው ድምፅ አንድ ሥር ይኖራቸዋል።

ሙዚቃውን ስታቀላቅዪ ርቀትን በእጅሽ ልትሠሪው ትችያለሽ። አየር መጀመሪያ የሚበላው ቀጫጭኑን ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ሩቅ እንዲሆን የምትፈልጊው ነገር ላይ ከፍተኛውን ክፍል ቀንሺ። የግድግዳ ማስተጋባትን የሚያስመስለው ሪቨርብ ላይ «ፕሪ ዲሌይ» የሚል፣ ማስተጋባቱ ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚወስን ቁልፍ ታገኚያለሽ። ሰው አጠገብሽ ቆሞ ሲናገር ድምፁ ቀድሞ ይደርስሻል፣ የግድግዳው መልስ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ሩቅ ሲሆን ሁለቱ አብረው ይደርሳሉ። ስለዚህ ለፒያኖው ሪቨርብ ከሰጠሽው ፕሪ ዲሌዩን አርዝሚ፤ ለማዶው ድምፅ አሳጥሪ። ሁሉንም ነገር በአንድ ትልቅ አዳራሽ ሪቨርብ ውስጥ መንከር ነው የትሬለር ሽታ የሚያመጣው። ያኔ ቅርብና ሩቅ የሚባል ነገር ይጠፋል፤ ሁሉም እኩል ግዙፍ፣ ሁሉም እኩል ባዶ ይሆናል።

ተራኪ ካለሽ ደግሞ ተጠንቀቂ። ቃል የሚለይበት የድምፅ ክፍል ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ አካባቢ ነው። ደወል፣ ከፍ ያለ ቫዮሊንና ፍሉት እዚያው ይጨናነቃሉ። ተራኪው ሲናገር ዜማው ይቁም፤ ትንፋሽ ሲወስድ ዜማው ይመለስ።

የቀረው በሩ የሚከፈትበት ቅጽበት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ኦርኬስትራውን ይለቀዋል። አንቺ ድሮኑን ቁረጪው። ድንገት፣ በንጹሕ መቀስ። ተመልካቹ ድሮኑ እንደነበር የሚያውቀው ሲጠፋ ነው። ሁለት ሰከንድ ሙሉ ምንም አይሰማ፤ ልጅቷ ትታይ፣ ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን ይታይ። ከዚያ ከበሩ ማዶ፣ ከጥልቅ፣ ከፍተኛው ክፍል የተቀነሰለት አንድ ሆርን። አንድ ኖታ ብቻ ይያዝ። የፒያኖው ዜማ የጀመረበትን ያንኑ ኖታ።